የቦሎ ቀን ጽድቅ

የቦሎ ማሳደሻ ወራት በደረሰ ቁጥር በጋራዦቻችን ውስጥ አንድ አሳፋሪ ሥራ ይሠራል። ባሌስትራው ተጨምሮለት፣ ትልልቅ ጎማ ተገጥሞለት፣ በጣራው ላይ ፓውዛ ተደርድሮለት ዓመቱን ሙሉ ሲያጓራ የከረመው ላንድክሩዘር፣ ለምርመራው ቀን ብቻ የቀድሞ ጎማው ከመጋዘን ይወጣለታል፤ ፓውዛው ይፈታል፤ ማርሚታው ይመለሳል፤ እሳት ማጥፊያው እንኳ በውሰት ይመጣል። ቦሎው በመስተዋቱ ላይ በተለጠፈ ማግሥት ሁሉም እንደ ነበረ ይሆናል። ባለቤቱ ይህን «ብልሃት» ይለዋል። እኔ ውሸት እለዋለሁ፤ በአፍ ሳይሆን በመፍቻ የሚነገር ውሸት።

የሚያቀርቡት ምክንያት ሁሉ ከንቱ ነው አልልም። ከአስኮ ተነሥቶ በቡራዩና በገፈርሳ በኩል ወደ ሆለታና ወደ አምቦ የሚወስደው መንገድ አስፋልት ነው፤ ከእርሱ ወጥቶ ወደ ገጠሩ የሚገባ ሰው ግን በሐምሌ ጭቃ ምን እንደሚያገኘው እናውቃለን። ደግሞም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባረጁ አውቶሞቢሎች ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ተከለከለ። እንግዲህ በእጁ ያለውን አሮጌ አውቶሞቢል ከፍ አድርጎና አጠንክሮ የሚነዳውን ሰው ማን ይነቅፈዋል? የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 የሚፈልገው ለውጡ እንዲታወቅና እንዲመዘገብ ነው። ሰዎቻችን ግን መመዝገቡን ትተው መደበቁን መረጡ።

የተደበቀውም ነገር ቀላል እንዳይመስልህ፣ አንባቢ ሆይ። የጎማው ቁመት በመቶ አሥር ቢጨምር ቆጣሪው 60 ሲያሳይ አውቶሞቢሉ በእውነቱ በ66 ይሮጣል፤ ሾፌሩም በዝግታ የሚሄድ እየመሰለው ይፈጥናል። ፍሬኑ ለትንሹ ጎማ የተሠራ ስለ ሆነ ለመቆም የሚፈጀው ርቀት ይረዝማል። ክብደቱ ወደ ላይ ስለ ወጣ በመጠምዘዣ ላይ ቶሎ ይገለበጣል። በኮፈኑ ፊት የቆመ ሕፃን ከመሪው ኋላ ለተቀመጠው አይታይም። ማታ ከሥራ የሚመለሰው ሕዝብ በቡራዩ መንገድ ዳር ዳሩን ሲጓዝ ያ ፓውዛ ቢበራ፣ ከፊት የሚመጣው ሾፌር ዓይኑ ስለሚፈዝ እግረኛውን ሳያይ ይገጫል። በአዲስ አበባ በመንገድ አደጋ ከሚሞቱት የሚበዙት እግረኞች መሆናቸውን ማን ያጣዋል?

የሙሴ ሕግ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ከላዩ ሰው ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን፣ በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል። ቤቱን ከፍ ማድረጉን አልከለከለውም፤ ከፍታው የሚያመጣውን አደጋ ግን በራሱ ላይ ጣለበት። የእኛ ሰው ጣራውን ከፍ አድርጎ፣ መከታውን ከጎረቤት ተውሶ፣ ሹሙ ካለፈ በኋላ ይመልሳል።

«ሁሉም ያደርገዋል» ይሉኛል። ለፈተና ቀን የጓደኛውን ደብተር የሚዋስ ተማሪም እንዲሁ ይላል፤ እርሱ ግን ከራሱ በቀር የሚጎዳው የለም። የተዋሰ ጎማ መሆኑን እያወቀ ማኅተሙን የሚያሳርፍ መርማሪም ከዚህ ነቀፋ አያመልጥም። ስለ መድንም ቢሆን፣ የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ የመድን ክፍል ዛሬም የጸና ነው፤ አደጋን የሚያበዛ ለውጥ ሲደርስ መድን ገቢው ለመድን ሰጪው እንዲያስታውቅ ያስገድደዋል። የደበቀ ሰው በክፉ ቀን በየትኛው ወረቀት ሊሟገት ነው?

እንግዲህ ባለቤቱ አውቶሞቢሉን እንደ ተለወጠ ይዞ ወደ ምርመራው ይቅረብ። ቆጣሪው ይስተካከል፤ ፍሬኑ ይጠንክር፤ ፓውዛው ከተማ ሲገባ ይሸፈን፤ የተፈቀደው በሊብሬው ይጻፍ፤ አይሆንም የተባለው ይፈታ። መፍታቱን የማይወድ ቢኖር በገዛ እርሻው ውስጥ ይንዳ፤ በዚያ ቦሎ የሚጠይቀው የለም።