ለሸማኔው የጎደለው ፋታ ነው

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ሌላውን የእጅ ባለሙያ በሥራው መስደብ ተከልክሏል። የአዋጁ መንፈስ ግን ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተፈጸመም፤ ጥለቱን የፈጠረው እጅ ሳይጠቀስ ልብሱ በነጋዴው ወይም በዲዛይነሩ ስም ይሸጣል።

ለባለሙያው የሚታሰበው ድጋፍ አብዛኛውን ጊዜ ሥልጠና፣ መሣሪያና ባዛር ነው። ሦስቱም ይጠቅማሉ፤ የችግሩን ሥር ግን አይነኩም። በሽሮ ሜዳ ለገበያ የሚሸምን ሰው የሚያገኘው ሸምኖ ባስረከበው ልክ ነው። አዲስ ጥለት መሞከር ድር መዘርጋት፣ መፍታትና እንደገና መጀመር ይጠይቃል፤ ይህም ጊዜ ከቤተሰቡ እንጀራ ላይ ይቀነሳል። ስለዚህ ፈጠራን የሚያመክነው የችሎታ ማነስ ሳይሆን የፋታ ማጣት ነው።

ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1950 የወጣውን የባህል ንብረት ጥበቃ ሕግ መሠረት አድርጋ የላቁ ባለሙያዎችን በስማቸው ትሰይማለች፤ ለእያንዳንዳቸውም በዓመት 2 ሚሊዮን የን ትሰጣለች። ገንዘቡ ሙያቸውን እንዲያበለጽጉና ተተኪ እንዲያፈሩ የሚሰጥ እንጂ የዕቃ ዋጋ አይደለም።

የኢትዮጵያ የጥበብ ትምህርት ቤቶችም በዚህ መንገድ በትንሹ መጀመር ይችላሉ። በየዓመቱ አንድ ሸማኔ ወይም አንዲት ሸክላ ሠሪ ለስድስት ወር ደመወዝ እየተከፈላቸው በግቢው ውስጥ በነጻነት ይሥሩ። የሚመረጡትም በእንግሊዝኛ በተጻፈ ማመልከቻ ሳይሆን በእጃቸው ሥራ ይሁን። በመጨረሻም ሥራው ለዕይታ ሲቀርብ የሠሪው ስም አብሮ ይጻፍ፤ ስም የማያወጣ ድጋፍ ምጽዋት ሆኖ ይቀራልና።