የኑሮ ዘዴ፦ ሪፖርት ላይ ዜሮ እያሳየ የሚያስቸግር ሒሳብ

«ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር» ይላሉ አበው። ተረቱ በኮምፒዩተር ለሚያዝ የቤት ሒሳብም ይሠራል።

ቦልደር ሲቲ እ.ኤ.አ. በ1931 ለሁቨር ግድብ ሠራተኞች የተቆረቆረች፣ በኔቫዳ ቁማር ከተከለከለባቸው ጥቂት ሥፍራዎች አንዷ የሆነች ጸጥተኛ ከተማ ናት። እዚያ እያደረ ላስ ቬጋስ ታክሲ የሚነዳ አንድ ኢትዮጵያዊ ይታሰብ። ቁማር አይጫወትም፤ እቁብ ግን ይጥላል። ገቢና ወጪውን በኩዊክን ወይም በግኑ ካሽ ይመዘግባል። የታክስ ወቅት ደርሶ ሪፖርት ሲያወጣ ገጹ በዜሮ ተሞልቶ ያገኘዋል፦ የተዘጋ የባንክ ሒሳብ፣ ተከፍሎ ያለቀ የመኪና ዕዳ፣ ያለቀ እቁብ፣ አገር ቤት ያለ የብር ሒሳብ። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ተናዶ ሁሉንም ይሰርዛል። ጥፋቱ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ዜሮ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የመጀመሪያው እውነተኛ ዜሮ ነው። አሥር ሰዎች በወር 500 ዶላር የሚጥሉበት እቁብ በመስከረም ጀመረ እንበል። ሾፌሩ በአራተኛው ዙር፣ በታኅሣሥ፣ 5,000 ዶላር ደረሰው። በዚያን ቀን የጣለው 2,000 ብቻ ስለሆነ ሒሳቡ የ3,000 ዶላር ዕዳ ያሳያል፤ በሰኔ አሥረኛው ዙር ሲያልቅ ዜሮ ይሆናል። ይህ ዜሮ ትክክል ነው። ነገር ግን ሾፌሩ የጣለውን «ወጪ»፣ የደረሰውን «ገቢ» ብሎ መዝግቦ ቢሆን ኖሮ፣ የዓመቱ ሪፖርት ያላገኘውን 3,000 ዶላር ትርፍ፣ የሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ያልደረሰበትን ኪሳራ ያሳየው ነበር። እቁብ የራስ ገንዘብ ነውና መመዝገብ ያለበት ከሒሳብ ወደ ሒሳብ እንደሚደረግ ዝውውር ነው።

ሁለተኛው የድግግሞሽ ዜሮ ነው። ከባንክ መረጃ ሲወርድ ፕሮግራሙ ተመሳሳይ ስም ያለው ሁለተኛ ሒሳብ ሊከፍት ይችላል፤ አንዱ ይሞላል፣ ሌላው ባዶውን ይቀመጣል።

ሦስተኛውና አደገኛው የውሸት ዜሮ ነው። በግኑ ካሽ የብር ሒሳብ ያለው ሰው የምንዛሪ ዋጋ ካላስገባ፣ በዶላር የሚወጣው ሪፖርት ብሩን ዜሮ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ዋጋው ቢገባም አሮጌ ከሆነ አይረባም፤ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ብር ከቀድሞው ዋጋው በእጅጉ ወርዷል።

ስለዚህ ባለሒሳቡ አስቀድሞ የፋይሉን ቅጂ ያስቀምጥ። ቀጥሎ የሪፖርቱን ቀን ይመልከት፤ ዛሬ ዜሮ የሆነ ሒሳብ በዓመቱ መካከል ብዙ ገንዘብ ይዞ ሊሆን ይችላል። ከዚያም እያንዳንዱን ዜሮ ከፍቶ መዝገቡን ያንብብ። እውነተኛ ዜሮ መሆኑን ሲያረጋግጥ ሒሳቡን ይዝጋው ወይም ይደብቀው፤ አይሰርዘው። የተሰረዘ ሒሳብ መዝገቡን ይዞ ስለሚሄድ ያለፉት ዓመታት ሪፖርቶች ይዛባሉ። አይ.አር.ኤስ. ደግሞ ማስረጃ በጥቅሉ ለ3 ዓመት፣ ከገቢው ከሩብ በላይ ሳያስመዘግብ የቀረ ሰው ለ6 ዓመት እንዲያቆይ ይጠይቃል።

ሪፖርቱን ብቻ ማጽዳት ለፈለገ መንገዱ ቀላል ነው። በኩዊክን የሪፖርቱን ማስተካከያ ከፍቶ ከሒሳቦቹ ዝርዝር የማይፈለገውን ምልክት ማንሳት፣ በግኑ ካሽ ደግሞ በሪፖርቱ አማራጮች ውስጥ ዜሮ ሒሳቦችን አካትት የሚለውን ማጥፋት ይበቃል። ይህ ግን ከምርመራው በኋላ ይሁን፤ አለዚያ ያ የብር ሒሳብም አብሮ ከዓይን ይሰወራል።

ደህና የእቁብ ጸሐፊ ዙሩ አለቀ ብሎ ደብተሩን አይቀድም፤ አስቀምጦ አዲስ ገጽ ይከፍታል።