ጉድጓዱ ባለቤት አለው

ይድረስ፦ በቦሌ፣ በለሚ ኩራና በየካ ክፍለ ከተሞች ለምትገነቡ የሕንፃ ባለቤቶች፣ ሥራ ተቋራጮችና አማካሪ መሐንዲሶች፤ እንዲሁም ለአዲስ አበባ ከተማ የግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣን

ክረምት በገባ ቁጥር ከእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን የሚወጣ፣ መልኩ የማይለወጥ ዜና አለ። የክፍለ ከተማውና የወረዳው ስም ይጠቀሳል። የልጁ ዕድሜ ይጠቀሳል። ለግንባታ ተቆፍሮ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ውስጥ ሊዋኝ ገብቶ ሕይወቱ ማለፉ ይነገራል። የኮሚሽኑ ጠላቂ ዋናተኞች አስከሬኑን አውጥተው ለፖሊስ ማስረከባቸው ይገለጻል። መጨረሻ ላይ ወላጆች ልጆቻቸውን እንዲቆጣጠሩ ማሳሰቢያ ይሰጣል። በዜናው ውስጥ ሁሉም ሰው አለ፤ የጉድጓዱ ባለቤት ብቻ የለም። ማን ቆፈረው? በየትኛው ፈቃድ? ከመቼ ጀምሮ ክፍቱን ነበር? አይነገርም፤ የሚጠይቅም የለም።

ለጠላቂ ዋናተኞቹ ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው። ዓይን በማያሳይ ጭቃ ውሃ ውስጥ የሰው ልጅ በእጅ ዳብሶ መፈለግ ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ሳስበው ይከብደኛል። ይህን ደብዳቤ ለእናንተ የምጽፈው ግን ጉድጓዱ የእናንተ የሥራ ውጤት ስለሆነ ነው። እኔም ኑሮዬ ከሳይት ሳይት ነው፤ ጉድጓድ እንዴት ክፍቱን እንደሚቀር አውቃለሁ።

ከገርጂ ወደ ሰሚት፣ ከቡልቡላ ወደ አራብሳ ስንሄድ በብዙ ቦታ የምናገኘው መረሬ አፈር ነው። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ያብጣል፤ መሠረት አይጣልበትም። ስለዚህ ተቆርጦ ይወጣና በሰሌክት (በተመረጠ የሙሊት አፈር) ይተካል። ቤዝመንት ካለ ቁፋሮው ይጠልቃል፤ ባለ ሁለት ቤዝመንት ከሆነ ከ6 ሜትር በላይ ይወርዳል። ኤክስካቫተሩ በሰዓት የሚከፈልበት ስለሆነ አይቆምም፤ ሲኖትራኮቹ አፈሩን ሌሊት ያግዛሉ፤ ቁፋሮው በአጭር ጊዜ ያልቃል። ከዚያ ፌሮ ይወደዳል፣ ብድር ይዘገያል፣ ሸሪክ ከሸሪክ ይጣላል፣ ዲዛይን ይከለሳል። ሥራው ይቆማል። ኤክስካቫተሩ ወደ ሌላ ሳይት ይሄዳል። ሰኔ ይገባል። መረሬ ውሃ አያሰርግም፤ የወረደው ዝናብ እዚያው ይቀመጣል። ትምህርት ቤት የሚዘጋውም በዚያው ሰሞን ነው።

ባለፈው ሐምሌ ሰሚት ውስጥ ከኮንዶሚኒየም ጀርባ ያየሁትን አንድ ጉድጓድ ልንገራችሁ። በዋናው መንገድ በኩል አጥሩ ያማረ ነው፤ ቀለም የተቀባ ላሜራ፣ ላዩ ላይ የሚሠራው ሕንፃ ትልቅ ሥዕል። በኮንዶሚኒየሙ በኩል፣ ልጆች ባሉበት ማለት ነው፣ አራት አጣና ተተክሎ ቀይና ነጭ ሪባን ታስሮበታል፤ ሪባኑ ተበጥሷል። ጥበቃው የተቀመጠው ስቶሩ በር ላይ ነው፤ ሲሚንቶና ፌሮ ነውና የሚጠብቀው። ከተቀመጠበት ሆኖ ውሃው አይታየውም። ብሎኬት ላይ ሱሪና ሸበጥ ተደርድሯል። አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው አንድ ልጅ፣ ደረቱን በእጁ እያሳየ፣ «ጥልቅ አይደለም፣ እስከዚህ ነው» አለኝ።

ልጁ አልዋሸም። የቆመው ራምፑ ላይ ነበር። ገልባጭ መኪናዎች አፈር ጭነው የሚወጡበት ተዳፋት ውሃ ሲሞላ ደህና መዋኛ ይመስላል፤ ቀስ እያለ ነው የሚጠልቀው። የራምፑ ጠርዝ ግን ድንገት ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ የኤክስካቫተሩ ባልዲ ቀጥ አድርጎ የቆረጠው ግድግዳ ነው። ውሃው ቡና በወተት መልክ ስላለው ጠርዙ የት እንደሆነ ከላይ የሚያይ የለም። እጄን ግድግዳው ላይ አሳርፌ ሞክሬዋለሁ፤ የረጠበ መረሬ እንደ ሳሙና ነው፤ አዋቂም አይወጣበትም። አንድ እርምጃ ወደ ጎን የሳተ ልጅ እግሩ መሬት ያጣል። የሚሰምጥ ልጅ እንደ ፊልም አይጮህም፤ አፉ ከውሃው በላይ የሚቆየው ለጥድፊያ ትንፋሽ እንጂ ለጩኸት በማይበቃ ጊዜ ነው፤ እጆቹ ውሃውን ወደ ታች ይጫናሉ እንጂ አይወዛወዙም። ጓደኛው መስጠሙን ሲያይ ሊያወጣው ይዘላል። አንዳንዱ ዜና የሁለት ልጆች የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ያለ አየር የቆየ አንጎል ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መጎዳት ይጀምራል፤ ከአራብሳ ጓሮ ተደውሎለት በዚያች ጊዜ ውስጥ የሚደርስ መኪና የለም።

ወላጆች ይቆጣጠሩ ይባላል። እናትየው ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፈረቃ ላይ ናት እንበል፤ አባትየው ታክሲ ላይ ነው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሐምሌና ነሐሴን ሙሉ ቤት ተዘግቶበት አይከርምም፤ መክረምም የለበትም። የሆቴል ገንዳ መግቢያ ከቤተሰቡ አቅም በላይ ነው፤ በሰፈሩ ሜዳ የለም፤ የነበረው ሜዳ ተቆፍሯል። ውሃ አይቶ የማይገባ ልጅ እንዲኖር ከመመኘት ውሃው ያለበትን ቦታ ማጠር ይቀላል። የዓለም ጤና ድርጅት ስለ መስጠም ሲመክር ከሚያስቀድማቸው እርምጃዎች አንዱ ልጅና ውሃን በአጥር መለየት ነው። በዚሁ ድርጅት ግምት በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 300,000 ያህል ሰው ሰምጦ ሞቷል፤ ከ5 እስከ 14 ዓመት ባሉ ልጆች ዘንድ ከሞት መንስኤዎች ሦስተኛው መስጠም ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ መስጠምን የመከላከያ ቀን ብሎ በ2013 ዓ.ም. የወሰነው ሐምሌ 18 ደግሞ በእኛ አገር ጉድጓዶቹ የሚሞሉበት ሰሞን ላይ ይውላል።

ይህን ስናገር ባለቤቶች የሚሰጡኝን መልስ አውቀዋለሁ፤ ቆርቆሮውን ሌባ ይወስደዋል። ይወስዳል፣ እውነት ነው። ፌሮውንም ሌባ ይወስደዋል፤ ለፌሮው ግን ጥበቃ ቀጥራችኋል። ችግሩ ሌባው ሳይሆን የሥራ ልማዳችን ነው። ቁፋሮ በሜትር ኩብ ተለክቶ ይከፈላል፤ ካርት አዌይ (የአፈር ማጓጓዝ) ተለክቶ ይከፈላል። አጥርና ደኅንነት ግን በአብዛኛው ውላችን ውስጥ ራሱን የቻለ ዋጋ የለውም፤ ሞቢላይዜሽን (የሥራ ማስጀመሪያ ዝግጅት) ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀራል። ዋጋ የሌለውን ነገር ተቋራጩ አይሠራም፣ አማካሪው አይጠይቅም፣ ባለቤቱም አያስታውስም። ክፍያ ሲጸድቅ የጉድጓዱ ጥልቀት በሴንቲሜትር ይመረመራል፤ በዙሪያው አጥር መኖሩን የሚያይ ፊርማ የለም። ሥራ ሲቆም ደግሞ ተቋራጩ ሳይቱን አስረክቤያለሁ ይላል፣ ባለቤቱ አልተረከብኩም ይላል፤ ውሃው በመካከል ይሞላል።

ሕጉ ግን ጉድጓዱን ያለ ባለቤት አልተወውም። የሕንፃ አዋጁ በግንባታ ጊዜ ለሰውና ለንብረት ጥንቃቄ እንዲደረግ ያዛል። ከዚያ በፊትም የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2069 የመሬቱን አቀማመጥ በመለወጥ ሌላውን ሰው ከተለመደው ውጪ ለሆነ አደጋ ያጋለጠ ሰው፣ አደጋው ሲደርስ ኃላፊ እንደሚሆን ደንግጓል። እዚህ ላይ ጥፋት አልሠራሁም ማለት አያድንም። ስድስት ሜትር ቆፍሮ መተው የመሬቱን አቀማመጥ መለወጥ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው? ሆኖም ልጁ የሞተበት ቤተሰብ አንቀጹን አያውቀውም፤ የሚያውቅ ጠበቃም የለውም፤ ለቅሶ ተቀምጦ፣ ልጅህን ለምን አልጠበቅክም ተብሎ ይነሳል። ሐዘኑ ሳያንሰው ጥፋተኛ እንደሆነ አምኖ የሚኖር አባት አለ። ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ባለሥልጣኑን የምጠይቀው አዲስ ሕግ አይደለም። ኤክስካቫተር ሳይት ከመግባቱ በፊት አጥሩ በአራቱም ጎን ይታይ፤ አጥር ሳይቆም ቁፋሮ አይጀመር። የመንገድ ዳሩን አጥር ለከተማው ውበት ብለን አሳምረን መሥራት እንደቻልን በዓይናችን አይተናል፤ ያው ላሜራ በጓሮ በኩልም ይቆማል። ከመሠረት በላይ የሚወጣበትን ገንዘብ ያላዘጋጀ ባለቤት በግንቦትና በሰኔ ቁፋሮ አይፈቀድለት፤ በመስከረም ይቆፍር። ሥራ የቆመበት ጉድጓድ ውሃው በፓምፕ ይመጠጥ ወይም ጉድጓዱ በአፈር ይሞላ፤ ባለቤቱ እምቢ ካለ ከተማው ሞልቶ ወጪውን ያስከፍለው። አጥሩ ላይ ከሕንፃው ሥዕል ጎን የፈቃዱ ቁጥርና የባለቤቱ ስልክ ይጻፍ። ልጅ ሲሞት ኮሚሽኑ በሚያወጣው ዜና ውስጥ ያ የፈቃድ ቁጥር አብሮ ይውጣ፤ ወረዳው የመጨረሻ ቁጥጥር ያደረገበት ቀንም እንዲሁ።

ለተቋራጮችና ለፎርማኖች ደግሞ ነገ ጠዋት የሚሠራ ነገር አለኝ። ጥበቃው ወንበሩን ከስቶሩ በር አንስቶ ውሃው ወደሚታይበት ያዙር። ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ቢጫ ጀሪካን ረጅም ገመድ ታስሮበት ጉድጓዱ አፍ ላይ ይቀመጥ፤ ጀሪካን ያልሞላበት ሳይት የለም። ልጅ ከገባ ማንም ተከትሎ አይዝለል፤ ጀሪካኑን ወርውሮ ይጎትት ወይም አጣና ይዘርጋለት፣ ሌላው ሰው ወደ ኮሚሽኑ በ939 ይደውል። ይህ አጥርን አይተካም፤ አጥሩ እስኪቆም ድረስ ብቻ ነው።

በቦሌ፣ በለሚ ኩራና በየካ ሥራቸው ቆሞ ክፍታቸውን ያሉት ጉድጓዶች ስንት እንደሆኑና የማን እንደሆኑ በወረዳ ተዘርዝሮ፣ ከመጪው ሰኔ በፊት በየወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ እጠይቃለሁ። የኔን ሳይት ጨምሩበት።

ከአክብሮት ጋር
በቦሌ የሚሠራ የሳይት መሐንዲስ