ከሰው መጽሐፍ አንድ ቅጠል

እንግሊዞች አንድ ሰው የሌላውን መልካም ሥራ አይቶ እርሱም እንደዚያው ሲያደርግ፣ «ከእገሌ መጽሐፍ አንድ ቅጠል ወሰደ» ይላሉ። ቅጠል ያሉት የመጽሐፉን ሉክ ነው። በእኛ ቋንቋ «አርአያውን ተከተለ» እንደ ማለት ነው። ነገር ግን በአባባላቸው ውስጥ ልብ ልንላት የሚገባን አንዲት ቃል አለች፤ ይኸውም «አንድ» የምትለው ናት። መጽሐፉን በሙሉ ወሰደ አልተባለም።

አባባሉን በተክለ ሃይማኖትና በመርካቶ ሱቆች እንመርምረው። አንዱ ነጋዴ አዲስ ዓይነት ጫማ አምጥቶ ቶሎ የሸጠለት እንደ ሆነ፣ ጎረቤቱም ያንኑ ያመጣል፤ ሦስተኛውም ይከተላል። ገዢው ግን አልጨመረምና ዋጋው ይወድቃል፤ ሦስቱም ያዝናሉ። በአንድ ስፍራ መሰብሰቡን አንነቅፍም፤ ሸማ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ መባሉ ገበያተኛው አማርጦ እንዲገዛ ይረዳዋል። የምንነቅፈው ዕቃውን ቀድቶ ብልሃቱን መተውን ነው። የፊተኛው ነጋዴ ያተረፈው የሰውን ፍላጎት አስቀድሞ ስለ ጠየቀ፣ ሒሳቡን በደብተር ስለ ያዘ፣ ዱቤውንም በቀኑ ስለ ከፈለ ነው። ሊወሰድ የሚገባው ቅጠል ይህ ነበረ።

የአገርም ነገር እንዲሁ ነው። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥታችን፣ በበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አርቃቂነት፣ ጃፓን በ1881 ዓ.ም. ካወጣችው ሕገ መንግሥት ብዙ የቀዳ ነበር። ጃፓንም ራሷ ከጀርመኖች ቀድታለች። ይሁን እንጂ ባለሥልጣንዋ ኢቶ ሂሮቡሚ በ1874 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ተሻግረው፣ በበርሊንና በቪዬና ከሊቃውንት ዘንድ ተቀምጠው የሕጉን ምክንያት ተማሩ። ደግሞም ሕጉ ከመውጣቱ ከዐሥር ዓመት በላይ አስቀድሞ፣ በ1864 ዓ.ም.፣ ጃፓን የመላ አገሩን የትምህርት ሥርዓት ደንግጋ ነበር። እኛ ሕጉን ስንወስድ ትምህርቱን በዚያ ስፋት አልወሰድነውም። ስለዚህ ቅጠሉ ቢመጣም ሥሩ እዚያው ቀረ።

ጉዳዩ ከዩኒቨርሲቲ በቅርቡ የወጣነውን ወጣቶች ይበልጥ ይነካናል። እገሌ ሱቅ ከፍቶ ከበረ፣ እገሊት ባሕር ተሻግራ ቤተሰብ ረዳች ሲባል ልባችን ወዲያው ይነሣል። መነሣቱ መልካም ነው፤ ከሰው የማይማር ሰው ባለበት ይቀራል። ዳሩ ግን ከመከተላችን በፊት፣ ያ ሰው ስንት ዓመት እንደ ደከመ፣ ምን እንደ ከሰረ፣ ማን እንደ ረዳው ጠይቀን እንረዳ። ይህን ሳንጠይቅ የወሰድነው ቅጠል በእጃችን ይደርቃል።