ንስሮቹና ኪዳነ ምሕረት

በሳዑዲ ዓረቢያ ሲኒማ ቤት ለረጅም ዘመን ተዘግቶ እ.ኤ.አ. በ2018 እስኪከፈት ድረስ፣ የአልኾባር ሰው ፊልም ሲያምረው በንጉሥ ፋህድ ድልድይ ባሕሩን ተሻግሮ ባሕሬን ይሄድ እንደ ነበር የሚያስታውሱ ወዳጆቼ፣ ዛሬ ሲኒማው ደጃቸው መጥቶላቸው ሳለ፣ ዓርብ ዓርብ ደማም ከአንዳቸው ቤት ተሰብስበው የቶልኪንን «የቀለበቶቹ ጌታ» ደጋግመው ማየትና በጦሩ አሰላለፍ መከራከር ይቀናቸዋል።

ባለፈው ዓርብ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀርብ፣ አንደኛው ሰባት ሲኒ ከረከቦቱ አንሥቶ «ባለ ሰባት ቅጥሯ ሚናስ ቲሪዝ ይህች ናት» ብሎ ደረደረ፤ የተበላውንም የተምር ፍሬ ሰብስቦ የጨለማው ንጉሥ ሠራዊት አደረገው። «እስቲ ንገረኝ ወንድሜ፣ ንስሮቹ ቀለበቱን ተሸክመው ከእሳቱ ተራራ አፍ ቢጥሉት ኖሮ፣ ያ ሁሉ የእግር መንገድ ለምን አስፈለገ? የከተማይቱ የጦር አለቃ ፋራሚርስ ፈረሰኛውን ይዞ ወደ መሸገ ቀስተኛ መጋለቡ ምን የሚሉት ስልት ነው?»

ስለ ግልቢያው መልሱ ቀላል ነው፤ መጽሐፉ ውስጥ የለም፣ የፊልም ሠሪው ጭማሪ ነው። ደራሲው እ.ኤ.አ. በ1916 በሶም ግንባር የመልእክት መኮንን ሆኖ የዘመተ ሰው ነውና፣ ሰው በከንቱ ወደ እሳት ሲሰደድ ምን እንደሚመስል አልጠፋውም። የንስሮቹ ነገር ግን፣ ሰማዩም የጠላት ክንፈኞች የሚያንዣብቡበት ነበር ብንል እንኳ፣ ወደ ሌላ ጥያቄ ይመራናል፤ ይኸውም ያ ሁሉን የሚያይ ንጉሥ የገዛ ተራራውን ደጅ ያለ ዘበኛ መተዉ ነው። ወዳጄ ይህን የደራሲው ጉድለት ይለዋል፤ እኔ ግን ኃይልን ያገኘ ሰው ኃይሉን ይጥላል ብሎ ማሰብ የተሳነው፣ በትዕቢት የታወረ ልቡና ነው እላለሁ።

ይህ እንዳይሆን ነገር የሚመስለው አድዋን ያስታውስ። ለየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አጥቢያ የኢጣሊያው ጄኔራል ባራቲየሪ ለአዛዦቹ ባደላቸው ንድፍ ካርታ አንዱ ተራራ በስሕተት «ኪዳነ ምሕረት» ተብሎ ተጽፎ ነበርና፣ ጄኔራል አልቤርቶኔ እውነተኛው ኪዳነ ምሕረት ከዚያ ወዲያ መሆኑን ከመንገድ መሪዎቹ ሰምቶ ወደ ፊት ስለ ገፋ፣ ሲነጋ ከሌሎቹ ብርጌዶች ተነጥሎ ብቻውን ከኢትዮጵያ ሠራዊት ፊት ተገኘ፤ እርሱ ተማረከ፣ የሌሎቹ ብርጌዶች አዛዦች አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ ወደቁ። ድሉ የጀግኖቹ ነው፤ ክፍተቱን ግን የከፈተው የአገሩን ስም ሳያጣራ አገሩን ሊይዝ የመጣው ነው። ይህን ልብ ወለድ ጸሐፊ ጽፎት ቢሆን ኖሮ፣ ወዳጆቼ «ጄኔራል በደብር ስም ይሳሳታል እንዴ?» ብለው መጽሐፉን በዘጉት ነበር።

ይህን እያስረዳሁ ሳለ የቤቱ እመቤት መጥታ «እናንተዬ፣ ቶናው ሊገነፍል ነው» ብላ ሲኒዎቹን ሰበሰበቻቸው። ሰባቱም ቅጥር በአንድ እጅ ተነሣ፤ በጀበናው በኩል ዘበኛ ያቆመ አልነበረምና።