የቤተ ክርስቲያን ግድግዳና የልጆቻችን ካርቱን

ለኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዜማን ያበረከተው፣ የመጨረሻ ዘመኑንም በሰሜን ተራሮች በትሕርምት አሳልፎ በዚያው እንደ ተሰወረ በትውፊት የሚነገርለት ቅዱስ ያሬድ፣ የሕይወቱ ታሪክ የሚጀምረው ትምህርት ባለመቻሉ ነው። በአኵስም ከአጎቱ ከመምህር ጌዴዎን ዘንድ ሲማር ቃሉ አልጸና ብሎት፣ ተግሣጹና በትሩም በርትቶበት ሸሽቶ ሲሄድ፣ ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ዐረፍ አለ፤ በዚያም አንዲት ትል የዛፉን ፍሬ ለመብላት ግንዱን ይዛ ስትወጣና ስትወድቅ፣ ደግማ ስትነሣና ደግማ ስትወድቅ፣ ስድስት ጊዜ እንዲህ ሆና በሰባተኛው ከፍሬው ስትደርስ ተመልክቶ፣ ስለ ራሱ አልቅሶ ወደ መምህሩ ተመለሰ።

ይህን ታሪክ በስምንት ሳጥን ከፍሎ፣ ከእያንዳንዱም ሥር አጭር ቃል ጽፎ የሚሥል ሰው ቢገኝ፣ ዛሬ ልጆቻችን ካርቱን የሚሉትን ነገር ሠራ ማለት ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ግን አንዳች አላፈረሰም። የሚያየው ልጅ ትሏ በወደቀች ቁጥር ይስቃል፤ ከሰባተኛው ሳጥን ሲደርስ ግን ሳቁ ወደ አድናቆት ይለወጥና፣ ፊደል አልያዝልህ ብሎት የተቈጣበትን ያን የራሱን ቀን ያስታውሳል። ሃይማኖትና የዕለት ኑሮ የሚገናኙት በእንዲህ ያለው ስፍራ ስለ ሆነ፣ በደባርቅና በዳባት፣ በሰሜንም ግርጌ ባሉት አጥቢያዎች ሁሉ የሚገኙ ካህናት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራንና ወላጆች ሥዕላዊ ትረካን እንደ ባዕድ ነገር ከመሸሽ ይልቅ፣ ከአባቶቻቸው የወረሱት ርስት መሆኑን ዐውቀው ለልጆቻቸው እንዲሠሩበት አጥብቄ እለምናለሁ።

ርስትነቱን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ወደ አንድ የቆየ ደብር ገብቶ ከቅድስቱ ቆሞ የመቅደሱን ግድግዳ የሚመለከት ሰው፣ የጌታ ልደቱና ጥምቀቱ፣ ሕማሙና ስቅለቱ፣ የሰማዕታት ተጋድሎና የጻድቃን ገድል ተራ በተራ ተከፋፍለው ተሥለው ያገኛቸዋል፤ በብዙዎቹም ሥዕሎች ላይ «ዘከመ» ብሎ የሚጀምር አጭር የግዕዝ ቃል የሚሆነውን ነገር ይናገራል። ማንበብ የማይችለው ገበሬ ከሥዕሉ፣ ማንበብ የሚችለው ዲያቆን ከጽሑፉ፣ ሁለቱም አንድ ታሪክ ይዘው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ሠዓሊዎቹም የጸና ሕግ ነበራቸው፤ ጻድቁን ፊት ለፊት ሁለት ዓይኑን አሳይተው ሲሥሉት፣ ከሓዲውንና ዐመፀኛውን፣ ሰይጣኑንም ጭምር በጎን አዙረው አንድ ዓይን ብቻ ይተዉለታል፤ ይህንንም ሕግ ሕፃን ልጅ ማንም ሳያስረዳው ከሁለትና ከሦስት ሥዕል በኋላ ራሱ ይደርስበታል። ሥዕሉ የመጽሐፉን ታሪክ ሲናገር የሠዓሊውንም ዘመን አይረሳም፤ የፈርዖን ሠራዊት ጠመንጃ እንደ ያዘ በኤርትራ ባሕር ሲሰጥም የሚታይበት ግድግዳ በአገራችን እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን የቀደመውን ታሪክ በራሳቸው ልብስና መሣሪያ፣ በራሳቸው ማዕድና ፈረስ ሲሥሉት፣ የእግዚአብሔር ነገር በሌላ ሕዝብ መካከል ብቻ የተደረገ አለመሆኑን መመስከራቸው ነበር።

ከእነዚህ ትረካዎች ሁሉ ስለ ዕለት ኑሮ አብልጦ የሚናገረው፣ ለእኔ፣ በተአምረ ማርያም የተጻፈው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው። ሰባ ስምንት ሰዎችን፣ የገዛ ቤተ ሰዎቹን ሳይቀር የበላው ያ ሰው በመንገድ ሲሄድ በደዌ የተመታ አንድ ድኻ በውሃ ጥም ተይዞ አገኘ፤ ድኻው በብዙ ስም ለምኖት እንቢ ካለው በኋላ በእመቤታችን ስም ቢለምነው፣ ልቡ ራርቶ ጥርኝ ውሃ ሰጠው። ከሞተም በኋላ ሰባ ስምንቱ ነፍሳት በአንድ ወገን፣ ያች ጥርኝ ውሃ በሌላው ወገን ሆነው በሚዛን ሲመዘኑ፣ በእመቤታችን ምልጃ የውሃዋ ወገን አመዘነች። ሠዓሊው ይህን በየክፍሉ ሲሥለው፣ ሰይጣናቱ ነፍሱን ለመንጠቅ ሲጣደፉ፣ መልአኩ ሚዛኑን ይዞ ሲቆም፣ እመቤታችንም በጥላዋ ውሃዋን ስትጋርዳት እናያለን። እንስራ በጀርባዋ አዝላ ከወንዝ የምትመለስ የሰሜን ልጅ ይህን ሥዕል ስታይ፣ ሸክሟ በሰማይ ሚዛን ላይ ስፍራ ያለው መሆኑን ያለ ብዙ ስብከት ታስተውላለች። በስብከት ብቻ ይህን ለማስረዳት የሚደክም መምህር ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት እያንዳንዱ መምህር ያውቀዋል።

በዚሁ አውራጃ አጠገብ በዋልድባ ገዳም የኖሩት አቡነ ሳሙኤል አንበሳ ላይ ተቀምጠው ይሣላሉ፤ ለልጅ ዓይን ከዚህ የሚበልጥ የጀግና ሥዕል የለም። ይሁን እንጂ ለልጆች የምናዘጋጀው ትረካ በአንበሳው እንዲጀምር አልመክርም። ልጁ አንበሳ ሊጋልብ አይችልም፤ ለተጠማ ውሃ ማቅረብ ግን ዛሬውኑ ይቻለዋል፤ ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው መነሣትም እንዲሁ። ገድሉ ለአድናቆት፣ ትሏና ጥርኟ ውሃ ለኑሮ ቢሰጡት፣ አድናቆቱም በኋላ ሥር ይይዛል።

ካርቱን ከውጭ የመጣ ነገር ነው ብለው የሚሠጉ ሰዎች አሉ። ሥጋታቸው ከሃይማኖት ቅንዓት የመጣ ስለ ሆነ በአክብሮት ሊመለስለት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1591 በሮም ከተማ የታተመው የዐረብኛ ወንጌል በእንጨት የተቀረጹ ብዙ ሥዕሎች ነበሩበት፤ እነዚያ ሥዕሎች ወደ ጎንደር ደርሰው በሠዓሊዎቻችን እጅ ከገቡ በኋላ ግን፣ የሥዕል ታሪክ ሊቃውንት እንዳሳዩት፣ ቀለማቸው፣ ፊታቸውና ልብሳቸው ኢትዮጵያዊ ሆኖ በብራናና በግድግዳ ላይ እንደገና ተወለዱ። ደጃዝማች ውቤ በሰሜን ያሠሯት፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሳ ኃይሉ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡባት ደረስጌ ማርያም ስትታነጽ ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሺምፐር በሥራው ተካፍሏል፤ ደረስጌ በዚህ ምክንያት የጀርመን ቤተ ክርስቲያን አልሆነችም። በባሕር ማዶም ቢሆን ይህ ጥበብ ለፌዝ ብቻ የተፈጠረ አይደለም፤ አሜሪካዊው ሠዓሊ ቻርልስ ሹልዝ እ.ኤ.አ. በ1965 ለቴሌቪዥን ባዘጋጀው የገና ካርቱን ውስጥ፣ በዓሉ በገበያ ጩኸት ተውጦ ግራ ለገባው ለጓደኛው አንድ ትንሽ ልጅ ከሉቃስ ወንጌል በቃሉ እንዲጠቅስለት አድርጓል።

የእኔ ሥጋት ሌላ ነው። ዛሬ በደባርቅ ከተማ የእጅ ስልክ ያለው ቤተ ሰብ ልጅ የሚያየው የመጽሐፍ ቅዱስ ካርቱን በባዕድ አገር ተሠርቶ ድምፁ ብቻ ወደ አማርኛ የተመለሰ ነው፤ በቤተ ልሔም በረዶ ይዘንብበታል፣ እረኞቹም እንደ አውሮፓ ገበሬ ለብሰዋል። ልጁ ይህን ሲያይ ወንጌሉ የሌላ አገር ሰዎች ነገር ይመስለዋል። ነገር ግን በምድር ላይ የሉቃስን እረኞች ከሰሜን እረኛ ይልቅ የሚያውቃቸው ማን ነው? ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው አገር ጋቢውን ተከናንቦ በብርድ ሌሊት በጎቹን የሚጠብቅ፣ ጭላዳው ገብሱን እንዳይነቅልበት ቀኑን በጅራፍ ሲያባርር የሚውል፣ የጌታ ልደት ሲደርስ እረኞች የምሥራቹን በሰሙ ጊዜ በደስታ ተጫወቱት የሚባለውን የገናን ጨዋታ የሚጫወት፣ በደብረ ታቦር በዓልም ጅራፉን እያስጮኸ ሙልሙል የሚቀበል እርሱ አይደለምን? መልአኩ ለእርሱ ሲገለጥለት የሚያሳይ ሥዕል ከገደሉ ጫፍ፣ ከገብሱ ማሳ፣ ከጅባራው አጠገብ ቢሣልለት፣ ባዕዱ ካርቱን በዓመት የማይሰጠውን በአንዲት ቅጠል ያገኘዋል።

ከልደቱ ወደ ገበያው ብንወርድ ደግሞ ነገሩ ይበዛል። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም የሚለው የአገራችን ምሳሌ ከወንጌል ቃል ጋር አንድ ነው፤ በዳባት ገበያ ገብስ ሲሸጥ ጎደሎ ቁና የሚጠቀመውን ነጋዴ፣ በሚቀጥለው ሳጥን ያው ቁና ጤፍ ሊገዛ በሄደበት ቦታ ለእርሱ ሲሰፈርለት የሚያሳይ ትረካ፣ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም ያስቃል፤ ሁለቱንም ይወቅሳል። በሁዳዴ ከሥጋና ከወተት ርቃ ጎረቤቷን ግን በሐሜት ስትበላ የምትውል ሴት፣ የጎረቤቱን ወሰን በየዓመቱ አንዲት ትልም እየገፋ በየእሑዱ ለቅዳሴ ፊት የሚቆም ገበሬ፣ ለተዝካር ተበድሮ ልጆቹን ያስራበ አባት፣ የአባቱን ደም ለመመለስ ያደባ ጎልማሳ ከንስሐ አባቱና ከሽማግሌዎች ፊት መሣሪያውን ሲያስቀምጥ፦ እነዚህን ሁሉ ሰባኪው በዐውደ ምሕረት ቢናገራቸው እያንዳንዱ ሰሚ ስለ ጎረቤቱ የተነገረ አድርጎ ይሰማቸዋል፤ በሥዕል ሲያያቸው ግን የገዛ ፊቱን ያገኛል። የደም መመለሱ ነገር በተለይ በአገራችን ብዙ ቤት የዘጋ ስለ ሆነ፣ ከሌሎቹ ይልቅ ረዘም ያለና የተለየ ጥንቃቄ ያለው ትረካ ይገባዋል።

ሳቅ በቅዱስ ነገር ውስጥ ይገባልን? የሚለውን ጥያቄ ሊቃውንቱ በትክክል ያነሡታል፤ መልሱም ከዚያው ከቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ይገኛል። ምእመኑ የሚሰግድበት፣ የሚሳለመው፣ በመጋረጃ ተከብሮ የሚኖረው ቅዱስ ሥዕል አለ፤ በግድግዳው ዙሪያ እየዞሩ የሚማሩበት የትረካ ሥዕልም አለ። የሥላሴ ምሥጢር፣ የጌታ ሕማምና ስቅለት፣ ቅዱስ ቍርባን ለጨዋታ ሥዕል የሚሰጡ አይደሉም፤ በእነርሱ ላይ የሚቀልድ ቢኖር ካህናቱ መገሠጻቸው ተገቢ ነው። በሰይጣን መታለል፣ በስስታም መጐምጀት፣ በትዕቢተኛ መውደቅ መሳቅ ግን አዲስ አይደለም፤ በድሮው ግድግዳ ላይ ሰይጣናቱ የተሣሉበትን አኳኋን የተመለከተ ሰው፣ ሠዓሊው ተመልካቹን እንዲንቃቸው ጭምር እንዳሰበ ይገነዘባል። ወሰኑ በዚህ ቢጸና፣ ጽሑፉም ከመታተሙ በፊት በሊቃውንት ቢመረመር፣ የሚያሠጋ ነገር አይታየኝም።

ይህ አገር የሚስቅበት ብቻ ሳይሆን የሚያለቅስበትም ነገር አለው። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ በሰሜን ኢትዮጵያ በተካሄደው ጦርነት ምክንያት በዳባት ወረዳ በጭና ብዙ ሰላማዊ ሰዎች አልቀዋል፤ ያን ያዩ ልጆች ዛሬ አድገው በትምህርት ቤት ይገኛሉ። እንዲህ ላለው ኀዘን ሥዕል ምን ይሠራል የሚል ሰው ቢኖር፣ ሄሮድስ ያስፈጃቸውን የቤተ ልሔም ሕፃናት አባቶቻችን ከግድግዳው ላይ እንዳልሸሸጓቸው ያስተውል፤ እናቶቹ ሲያለቅሱ፣ ጭፍሮቹ ሰይፍ ሲመዝዙ ሣሏቸው፤ በዚያው ግድግዳ ላይ ግን ስደተኛይቱ እናት ልጇን ታቅፋ ወደ ግብፅ ስትሄድ ይታያል። ከቤቱ የተሰደደ ልጅ ጌታው ራሱ ተሰዳጅ ሕፃን እንደ ነበረ በሥዕል ቢያይ፣ አፉ ሊናገረው የማይችለውን ነገር የሚያኖርበት ስፍራ ያገኛል። በዚህ ዓይነት ሥዕል ውስጥ የበቀል ቃል እንዳይገባ መጠንቀቅ ግን የመምህሩ ግዴታ ነው፤ በቀል የገባበት እንደ ሆነ ሥዕሉ ቁስሉን ከማድረቅ ይልቅ ይቧጭረዋል።

ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በየሰንበት ትምህርት ቤቱ እጁ ሥዕል የሚወድ ወጣት አይጠፋም፤ በየደብሩም ገድሉንና ስንክሳሩን በሚገባ የሚያውቅ መምህር አለ፤ የጎደለው ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚያስቀምጣቸው ሰው ነው። መምህሩ ታሪኩን ይንገር፤ ወጣቱ ይከፋፍለው፤ የሥዕሉን ሕግ፣ የሁለቱን ዓይንና የአንዱን ዓይን፣ ቀዩንና ቢጫውን፣ ጉልሁን ጥቁር መስመር ከጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴና ከአጥቢያው አድባራት ግድግዳ ይማር፤ ንግግሩ ልጆች በቤታቸው በሚናገሩት አማርኛ ይጻፍ፤ ከራሱ ላይ ግን ያ አጭር የግዕዝ ርእስ አይቅር። በአንድ ገጽ ወረቀት ተባዝቶ ከቅዳሴ በኋላ ለልጆች ቢታደል፣ በሰንበት ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ቢለጠፍ፣ ስልክ ላላቸውም በስልካቸው ቢላክ፣ ሦስቱም መንገድ ነው። የመጀመሪያው ቅጠል የያሬድና የትሏ ታሪክ ቢሆን እመርጣለሁ፤ መጨረሻውንም ሳጥን ቅዱሱ በዜማ ተመስጦ፣ የአፄ ገብረ መስቀል ጦር እግሩን ወግቶት ደሙ ሲፈስ ሁለቱም ሳያውቁት ቆመው ከሚታዩበት ከተለመደው ሥዕል ቢወስዱት መልካም ነው። በዓሉ ግንቦት 11 ቀን ስለሚውል፣ ሥራው በጾመ ሁዳዴ መካከል ቢጀመር ለዚያ ቀን ይደርሳል።