ታክሲ ውስጥ ክፉ ቃል ሲወረወር
በአዲስ አበባ ሚኒባስ ታክሲዎች ጠብ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ በመልስ፣ በመውረጃ ቦታና በትርፍ ሰው ነው። ረዳቱ ዝርዝር የለም ብሎ ያመናጭቃል፣ ተሳፋሪው ይሰድበዋል፣ የረዳቱ ንዴት ደግሞ ምንም ባላጠፋው በቀጣዩ መንገደኛ ላይ ይወርዳል። ሊን አንደርሰንና ክሪስቲን ፒርሰን የተባሉ ምሁራን በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ ይህንኑ ነገር በሥራ ቦታ ላይ ተንትነውታል፦ የመጀመሪያው ያልታረመ ቃል ለመጉዳት ታስቦ መሆኑ እንኳ አይታወቅም፤ ነገሩን የሚያከፋው በየምላሹ የሚጨመረው ነው። ረዳቱ ከንጋት ጀምሮ በር ላይ ቆሞ የሚውል፣ ለባለንብረቱ የሚገባው የቀን ገቢ እስኪሞላ የሚሯሯጥ ሰው ነው። ይህ ብልግናውን ትክክል አያደርገውም፤ ቁጣው ግን ያንን አንድ ተሳፋሪ ለይቶ የመጣ አለመሆኑን ያሳያል። ስለዚህ የሚሻለው ስድቡን ትቶ ጉዳዩን መያዝ ነው፦ ዝርዝር ብር ይዞ መሳፈር፣ መውረጃን ቀደም ብሎ መናገር፣ ከታሪፍ በላይ ሲጠየቁ ድምፅ ሳያነሡ ታሪፉን ጠቅሶ መከራከር፣ ካልሆነም የሰሌዳ ቁጥሩን ይዞ ማመልከት። «ወንድሜ» ብሎ መጀመርም ብዙ ንዴት ያበርዳል። ዝምታ ግን ሁልጊዜ ትዕግሥት አይደለም። አንዲት እናት ወይም ለከተማው እንግዳ የሆነ ሰው ሲመናጨቅ፣ አጠገብ የተቀመጠው በጨዋ ቃል ጣልቃ መግባት አለበት፤ ተበዳዩ ብቻውን ሲሟገት ጠበኛው እሱ ይመስላልና። እጅ የሚያነሣ ወይም የሚዝት ሲያጋጥም ነገሩ ከአመል ያለፈ ስለሆነ ለፖሊስ ይነገራል።